ታላቅ የማያውቅ መብራት

ፒያሳ አጠገብ ባለው መስቀለኛ መንገድ የትራፊክ መብራት የተተከለ ሰሞን ልቤ ዕረፍት አጣ። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነበረች፤ ትምህርት ቤቷ ከመንገዱ ማዶ ነው። ፊደል የቆጠርሁት በራሴ ስለሆነ የማላውቀውን ነገር ሳልጠይቅ አላልፍም። ትራፊክ ፖሊሱን ጠይቄ ለእሷም አስረዳኋት። መብራቱ ላይ ቀዩ የሰው ምስል ሲበራ ትቆሚያለሽ፣ አረንጓዴው ሲበራ ትሻገሪያለሽ፣ ከጎኑ የሚቆጥረው ቁጥር ሳያልቅ ማዶ መድረስ አለብሽ አልኋት። ሦስት ጊዜ አስደገምኋት። አልተሳሳተችም።

እንዲያም ሆኖ አላመንሁም። በማግስቱ ብቻሽን ሂጂ ብዬ ልኬ፣ እንደ ሌባ በግድግዳው ጥግ ጥግ ተከተልኋት።

መብራቱን ጠብቃ ገባች። መሃል ስትደርስ ግን ከማዶ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ መጡ፤ ቀጥ ብላ ቆመች። ታላቅ ሲመጣ ቆመሽ አሳልፊ፣ ፊቱን አታቋርጪ ብዬ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «አያ፣ ይለፉ» አለች። ሽማግሌውም ጨዋ ናቸውና ቆሙ።

«የለም፣ እለፊ የኔ ልጅ። ተማሪ አይቆምም።»

«አይገባም፣ እርስዎ ይለፉ።»

ቁጥሩ አለቀ። ከአዘዞ በኩል የመጣ ባጃጅ ፍሬን ይዞ ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ርቀት ላይ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ «ምነው፣ ሽምግልና ተቀምጣችሁ ነው?» አለ። ሰው ሳቀ።

ሮጬ ማዶ አሻገርኋትና ተቆጣኋት። አለቀሰች እንጂ አላፈረችም። «ራስህ አይደለህ እንዴ ታላቅ ፊት አይታለፍም ያልኸኝ?» አለች። ሁለት ሕግ ሰጥቻት፣ የተጋጩ ለት የትኛው እንደሚቀድም አልነገርኋትም። ሥርዓት ያላት ልጅ አሳደግሁ ብዬ የኮራሁበት ነገር ሊገድላት ነበር።

ያን ቀን ሥራ ላይ ብድግ ቁጭ ስል ዋልሁ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠራኋትና፣ «አስፋልቱ ላይ ታላቅ የለም። እኔም ብሆን አትቁሚ» አልኋት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ጎረበጠኝ። ልክ መሆኑን ዛሬም አውቃለሁ፤ ግን አልወደውም።

በሚቀጥለው ጠዋት ከዳር ቆሜ አየኋት። ሌላ ሽማግሌ ከማዶ እየመጡ ሰላምታዋን ሲጠብቁ፣ እሷ ቀና ብላ እንኳ ሳታያቸው በአጠገባቸው ሽው ብላ ተሻገረች። ሽማግሌው እኔ ካለሁበት ዳር ወጡና ዘወር ብለው ተመለከቷት።

«ይች ስድ የማን ልጅ ናት?» አሉኝ።

«የኔ ናት» አልኋቸው።