ምሽጉ ላይ የተተከለ መረብ

ጣቢታ ተረፈ ሰበታ ነው ተወልዳ ያደገችው። ወላጆቿ ከሆሳዕና መጥተው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተቀጠሩ ናቸው። አባቷ አቶ ተረፈ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆኑ ሴት ልጅ በቁምጣ መረብ ኳስ ሜዳ ላይ ስትዘል ማየት አይወዱም ነበር። የትምህርት ቤቷ የስፖርት መምህር ኦቦ ዲሪርሳ ግን ቤት ድረስ ሄደው፣ «ይህቺ ልጅ ስትነሳ መረቡ ያጥርባታል፤ በቱታም ቢሆን ትጫወት» ብለው አስፈቀዱላት። ጣቢታም በቱታ እየተጫወተች የሰበታ ልጆች የሚያወሩላት መረብ ኳስ ተጫዋች ሆነች።

የሰሜኑ ጦርነት ቆሞ የአካባቢው ዩኒቨርሲቲዎች ዳግም ሲከፈቱ ወደ አንዱ ተመደበች። እናቷ ወይዘሮ ቦሰና አለቀሱ።

«ትናንት እኮ ነው የተታኮሱበት!»

«ትምህርት ከተጀመረ ሰላም ሆኗል ማለት ነው፣ እማዬ።»

ኦቦ ዲሪርሳ ደግሞ መናኸሪያ ድረስ ሸኝተው አንድ ኳስ አስያዟት። «ጀባዹ! በርቺ ልጄ!»

ግቢው ስትደርስ መስኮቶቹ በላስቲክ ተሸፍነዋል። የቲያትር አዳራሹ ጣሪያ የለውም። የስፖርት ሜዳውን ምሽግ ለሁለት ሰንጥቆታል፤ ፈንጂ እንደሌለበት ተፈትሾ ነበር እንጂ የደፈነው ሰው የለም። ከዚህ ሁሉ የከበዳት ግን ዝምታው ነው። ካፌ ውስጥ ሁሉም ከአገሩ ልጅ ጋር ብቻ ይቀመጣል። የዶርም ጓደኛዋ ማሪቱ የዚያው ከተማ ልጅ ናት። ከጦርነቱ በፊት በቲያትር ክበቡ ትታወቅ ነበር፤ ወንድሟ ከሞተ በኋላ ግን ከሰላምታ ያለፈ ቃል አይወጣትም።

ጣቢታ የስፖርት ክፍሉን ኃላፊ አቶ ሽመክትን አነጋገረች።

«ጋሼ፣ ምሽጉን እኛው ብንደፍነውስ?»

«ልጄ፣ ገና ውሃ እንኳ በወጉ አልገባልንም። ኳስ ለጠገበ ነው።»

«ሰው የሚራበው እንጀራ ብቻ ነው እንዴ፣ ጋሼ?»

አቶ ሽመክት ተነስተው የአካፋ መጋዘኑን ከፈቱላት።

መጀመሪያ ብቻዋን ነበር አፈር የምትሞላው። ተማሪው ከፎቅ ላይ ሆኖ ያያታል። አንድ ቀን ከሰዓት ማሪቱ ወርዳ ምሽጉ አፍ ላይ ቆመች።

«ቲያትር የምንለማመደው እዚህ ሣር ላይ ነበር» አለች። ከዚያ አካፋውን ከጣቢታ እጅ ተቀበለች። እየዛቀች የአገሯን የአጨዳ ዜማ ማንጎራጎር ስትጀምር የሰፈሯ ልጆች መጥተው ተቀበሏት። የወለጋ ልጆች አካፋ ፍለጋ ሮጡ፤ የወላይታዎቹ ድንጋይ ለቀማ ገቡ። ሜዳው ሲደለደል ባሕር ዛፍ ቆርጠው ቋሚ አቆሙ፤ መረቡን ራሳቸው ከሲባጎ ሠሩት።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የጎረቤት ዩኒቨርሲቲ ሴቶች ለግጥሚያ ተጋበዙ። ከጨዋታው በፊት ማሪቱና ጓደኞቿ ሜዳው ላይ አጭር ተውኔት አሳዩ፤ ተኳርፈው አንድ ባልዲ ውሃ ስለሚሻሙ የዶርም ልጆች ነው። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ግቢውን ረግጠው የማያውቁ የከተማው እናቶች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ግጥሚያው ደግሞ እስከ አምስተኛው ዙር ሄደ። የመጨረሻዋን ኳስ ማንም ይደርስባታል ብሎ አልጠበቀም፤ ጣቢታ ከኋላ ተንደርድራ ተነሳችና በስማሽ ተጋጣሚዎቿ ሜዳ ላይ ጣለቻት። አቶ ሽመክት በሙሉ ልብሳቸው አጥር ዘለው ሜዳ ገቡ!

ለምረቃዋ ወላጆቿ ከሰበታ መጡ። አቶ ተረፈ ፎቶ ከመነሳታቸው በፊት ሜዳውን ለማየት ፈለጉ።

«ምሽጉ በየት በኩል ነበር?»

«በዚህ በኩል» አለች ጣቢታ።

«ኧረ በዚያ ነው!» አለች ማሪቱ።

ሁለቱ ተከራከሩ፤ ሣሩ እኩል በቅሏልና አልተስማሙም። አቶ ተረፈ ኮታቸውን አስተካክለው መረቡ ሥር ቆሙ።

«በሉ እዚሁ አንሱን» አሉ። «ልጄ ያቀናችው ሜዳ ላይ።»

ጣቢታ ዛሬ ቡራዩ የስፖርት መምህርት ናት። ባለፈው ዓመት የሱሉልታን ሴቶች ያሸነፈው ቡድን የእሷ ነው። ማሪቱ ደግሞ እዚያው ከተማዋ ቲያትር ታስተምራለች፤ አዲሱን ተውኔቷን ይዛ ቡራዩ ስትመጣ የምታርፈው ጣቢታ ቤት ነው።