ጦጣዋና ጀሀነሚያው

ከወሎ ሱዳን መጥቼ ቡሪ ሰፈር በተቀጠርኩበት ቤት በር ላይ ትልቅ ቡገንቪላ ነበረ። ሱዳኖች «ጀሀነሚያ» ይሉታል። ማዳም በመጀመሪያው ቀን «ጀሀነሚያውን አጠጪ» ስትለኝ ግራ ገባኝ፤ ጀሀነም ደግሞ በባልዲ ውሃ ይጠጣል? አበባ መሆኑን ሳውቅ በራሴ ሳቅሁ። ከግንዱ ጋር ድመት የምታክል ጦጣ ወገቧን በሰንሰለት ታስራ ትኖር ነበር። «ከዱር የመጣች ጦጣ ባለቤቱን ታስወጣ» ይባላል፤ ይቺ ግን ለራሷም መውጫ አልነበራት።

የቤቱ ጌታ፣ ሐጂ፣ አበባውንና «ጊርድ» የሚላትን ጦጣ ማመሳሰል ይወድ ነበር።

«ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ጀሀነሚያ ከጠጣ ቅጠል ብቻ ይሆናል፤ ሲጠማው ነው የሚያብበው። ጊርድም ያው ነው፣ ከጠገበ ይባልጋል። ሞያ ሹወያ በስ!»

ትንሽ ውሃ ብቻ ማለቱ ነው፤ ለአበባው በሳምንት አንድ ባልዲ፣ ለጦጣዋ በቀን አንድ ስኒ።

ስለ አበባው እውነቱን ይሆናል። ጦጣዋ ግን በዚያ ሐሩር እጅ እጄን ስታይ ንግግሩ ያንገበግበኝ ነበር። ዛፍ ሲጠማው ሥሩን ይሰዳል፤ እሷ የት ትሂድ? ግን የሰው ቤት ነው፣ ፓስፖርቴም ያለው እሱ ዘንድ ነው። አፌን ዘግቼ፣ ሐጂ ለዙህር ሶላት መስጂድ ሲሄድ በጣሳ አጠጣት ጀመር። ግማሹን ትጠጣለች፣ ግማሹን አናቷ ላይ ታፈስሰዋለች። እኔም እስቃለሁ። የፈሰሰው የት እንደሚገባ አላሰብኩም።

በሁለት ወሩ ጀሀነሚያው አበባውን አራግፎ ቅጠል በቅጠል ሆነ። ሐጂ አፈሩን በጣቱ ጫር ጫር አደረገና ዞሮ አየኝ።

«ለጦጣዋ ነው፣ ያ ሐጂ። ወላሂ ለእሷ ብቻ ነው» አልኩ። እውነቱን ብናገር የሚያዝንላት መስሎኝ ነበር።

አልተቆጣም። «ኸላስ፣ በቃ» አለና ጦጣዋን ጣሪያ ላይ አውጥቶ ከውሃ ታንከሩ እግር ጋር አሰራት። የደረጃውን በር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ሁለት ቀን ጮኸች። ጣሳዬን ይዤ በሩ ሥር ቆምኩ። ማዳምን እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት፤ «ኢንሻአላህ» ብላ አለፈችኝ። በሦስተኛው ቀን ድምፅ ጠፋ። ሐጂ በማዳበሪያ ጠቅልሎ አወረዳት። አርፌ ብቀመጥ ኖሮ ቢያንስ ጥላው ሥር ትኖር ነበር ብዬ ኩሽና ውስጥ አለቀስኩ።

ጀሀነሚያው ግን አበበ፤ አጥሩን ሙሉ አለበሰው። መንገደኛው ቆሞ «ማሻአላህ» ይል ነበር። የማጠጣው እኔ ነበርኩ፤ በሳምንት አንድ ባልዲ፣ ጠብታ ሳልጨምር።