ሻሼና የአባቴ ባትሪ

ልጅ ሳለሁ አንዲት ድመት ለአንድ ሳምንት ከቤት ሳትወጣ እንዳዝናናት አደራ ተሰጥቶኝ ነበር። ቀላል ነገር ይመስላል፤ እኔም መስሎኝ ነው ጉድ የሆንኩት። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁልኝ ጊዜያችሁ በከንቱ አይሄድም፤ ስለ ድመት ብዙ ሰው ልብ የማይለውን ነገር ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ሀፍረቱ ለእኔ ይቅር።

ያኔ የምንኖረው መርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ ጀርባ፣ በእህልና በጨርቅ መጋዘኖች መሃል በተሸጎጠ ግቢ ውስጥ ነበር። እህል ባለበት አይጥ አለ። በዚያ ዓመት አይጡ ጆንያ መቅደድ አልበቃ ብሎት የጨርቅ ጣቃ ውስጥ መውለድ ሲጀምር ባለመጋዘኖቹ ተማከሩና ለአንድ ሳምንት በየጥጋጥጉ መርዝ ሊያስቀምጡ ወሰኑ። ልጅ ያለ ትልቅ ሰው ደጅ እንዳይወጣ፣ ድመት ያለውም ድመቱን እንዳይለቅ ተነገረ። ምክንያቱን ላስረዳ፦ ድመት መርዙን ራሱን ባትቀምሰው እንኳ፣ መርዙን የበላ አይጥ ከበላች አለቀላት።

ጋሼ ሸምሱ በራችን አጠገብ የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፉ አዛውንት ነበሩ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ አብራቸው የምታድረው ሻሼ የምትባል ድመታቸው ብቻ ነበረች፤ ጥቁር ሆና፣ አናቷ ላይ ሻሽ ያሰረች የሚያስመስላት ነጭ ምልክት ነበራት። የእሳቸው የቆርቆሮ ቤት ፊቱ ክፍት ስለሆነ ድመት አያግድም። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ሻሼን ኮታቸው ውስጥ ሸጉጠው ወደ እኛ አመጧትና አንድ ጥቅል ሲባጎ አስጨበጡኝ።

«መኪያ፣ ስሚኝ። ጠዋትና ማታ በዚህ አጫውቻት። ከእሷ እያራቅሽ ጎትቺ፤ መጨረሻ ላይ ግን አስይዣት። ስትይዘው የምትበላውን ስጫት፤ ትተኛልሻለች።»

«እኔንስ ማን ያጫውተኛል?»

«ማታ ማታ እመጣለሁ። ሳምንት የሚያስኬድ ተረት አለኝ።»

እውነትም መጡ። ያኔ መብራት በፈረቃ ስለነበር፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ እናቴ ኩራዙን በርጩማ ላይ ታበራና ሻይ በማንደጃ ትጥዳለች፤ ፍሙ ሲቀላ፣ የላምባው ጭስ አፍንጫችንን ሲያጠቁረው፣ የግቢው ልጆች አልጋው ላይ ተደርድረን፣ ጋሼ ሸምሱ ጥሩ ጌታ ፍለጋ ራሱን ሊሸጥ ገበያ ስለወጣ አህያ ይነግሩን ነበር። አህያው የገዢዎቹን አፍ እያስከፈተ ጥርሳቸውን ያያል። «ወላሂ፣ አንዱንማ ‹ይሄ አርጅቷል፣ አይረባኝም› ብሎ መለሰው!» ሲሉ በሳቅ እንፈርሳለን። ሻሼም የመጀመሪያው ማታ እግራቸው ላይ ተጠቅልላ አንኮራፋች።

ችግሩ ቀኑ ነበር። እናቴ የሚድኸው ወንድሜ ወጥቶ መርዝ እንዳይልስ በሩን ገርበብ አድርጋ ደጃፉ ላይ ስትጠብቅ ትውላለች፤ ማንኪያ ሲወድቅ እንኳ ትጮኻለች። እኔ ደግሞ ሲባጎ መጎተት በሁለተኛው ቀን ሰለቸኝ። አባቴ ሥራ ሲሄድ ትራስ ሥር የሚተወውን ባትሪ አነሳሁ። ክፍላችን መስኮት ስለሌለው በቀንም ጨለማ ነው። አልጋ ላይ ተጋድሜ ብርሃኑን ግድግዳው ላይ ስለቀው ሻሼ ትዘላለች፤ ወደ ጣሪያው ስወስደው ቁም ሳጥኑ ላይ ትወጣለች። መዳፏን ታሳርፍበታለች፤ ስታነሳው ምንም የለም። የግቢውን ልጆች ጠራሁ፤ እናቶቻቸው እያሻገሩ አመጧቸው። «አሽከርክሪያት! አሽከርክሪያት!» ይሉኛል፣ እናቴ እንዳትሰማ በሹክሹክታ፤ እኔም ዞሮባት እስክትወድቅ አሽከረክራታለሁ። የሰርከስ ባለቤት የሆንኩ መሰለኝ።

ማታ ጋሼ ሸምሱ «አስያዝሻት?» ይሉኛል።

«አስያዝኳት፣ ጋሼ።»

አርብ ማታ አህያው አንዲት ድሃ ሴት ፊት ደርሶ ነበር። «እሷም አህያውን አየችውና…» ሲሉ፣ ኩራዙ በንፋስ ተርገበገበ፣ ብርሃኑም ግድግዳው ላይ ዘለለ። ሻሼ ብርሃኑን ልትይዝ ስትወረወር በርጩማውን መታችው። ኩራዙ ወደ ወንድሜ ሲያዘነብል ጋሼ ሸምሱ በባዶ እጃቸው ቀለቡት። የተቃጠለ ቆዳ ሸተተኝ።

ጀርባዋን ሰጥታ ሻይ ስትቀዳ የነበረችው እናቴ ዞረች። «ይቺ ድመት ናት! አሁኑኑ ትውጣልኝ!» ብላ በሩን በረገደችው። ውጪ መርዙ አለ። ሊጠረግ ሁለት ቀን ይቀረዋል።

ጋሼ ሸምሱ ሻሼን አዩ፤ ምንም የሌለበትን ግድግዳ ትቧጭራለች። አልጋው ላይ ያለውን ባትሪ አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ልጆቹም ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

«ድመቷ አይደለችም፤ ክንዴ ነው የመታው» አሉ። «እርጅና ነው፣ የኔ ልጅ። ይቅር በይኝ።»

«እርስዎ ደግሞ! እስቲ እጅዎን ያምጡ» አለች እናቴ፣ በሩንም ዘጋችው።

ቅዳሜ ማታ አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው በጨርቅ ተጠቅልለው መጡ። መርፌ የሚይዙባቸው ጣቶች ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ሸራ እንዳልሰፉ አይቻለሁ። ሲባጎውን በግራ እጃቸው አቀበሉኝ። ጎተትኩ። አስያዝኳት። ሻሼ ሲባጎውን ነክሳ በኋላ እግሮቿ ደበደበችው፤ ከዚያ የሰጠኋትን ሥጋ በላች፣ ፊቷን አጠበች፣ ተኛች። ከማክሰኞ ወዲህ እንዲያ ስትተኛ አይቻት አላውቅም ነበር። ጋሼ ሸምሱም እንደ ቃላቸው ተረቱን ጨረሱት። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። እኔ ግን ጨርቁን ሳይ ስለነበር አልሰማሁትም። አህያውን ማን እንደገዛው እስከ ዛሬ አላውቅም።

እሁድ መርዙ ተጠርጎ ሻሼን ሊወስዱ ሲመጡ፣ እናቴ ፊት ራሴን ዳበስ አደረጉኝ። «አደራዬን ጠብቃልኛለች፤ ጎበዝ ልጅ ናት» አሉ። እናቴ በኩራት ፈገግ አለች። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ ድመት ያገኘሁትን ሁሉ፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች እየለቀምኩ፣ ያለ አስተማሪ አንብቤአለሁ። ድመት ስትጫወት እያደነች ነው። አድብታ፣ ዘላ፣ ይዛ፣ በልታ ነው የሚያልቅላት። ብርሃን ደግሞ አይያዝም፤ ስለዚህ አደኑ አያልቅላትም፣ ያላለቀው ነገርም ሲያስጨንቃት ይውላል። ጋሼ ሸምሱ ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁት ነበር። እኔ ይኸው ይህን ሁሉ አስረዳለሁ፤ ያኔ የሚያስፈልጉት ግን ሁለት ቃላት ነበሩ። እነሱንም ሳልነግራቸው ግቢያችን ለሕንፃ ፈርሶ ተለያየን።

ቤታችሁ ድመት ካለች፣ በተለይ ቤቱ በጭንቀት በተያዘ ሰሞን፣ ዛሬውኑ አንድ ሲባጎ ፈልጉ። ወደ እሷ አታስጠጉት፣ ከእሷ አርቃችሁ ጎትቱት፤ ወደ ድመት የሚሮጥ አይጥ የለምና። መጨረሻ ላይ አስይዟት፣ የምትበላውን ስጧት፣ እንዳትውጠውም ሲባጎውን አንሱት። ሞክሩትና እንዴት እንደምትተኛ እዩ። «አስያዛችኋት?» የሚላችሁ ሰው ከመጣ ደግሞ እውነቱን ንገሩት።