እናቴ የመረጠቻት ነርስ

ሐሙስ፣ ከፍኖተ ሰላም

በማለዳ ከመናኸሪያው ተነሣሁ። ፈቃድ የጠየቅሁት እናቴን ከገጠር ላመጣ ነው ብዬ ነው፤ ምን እደብቃለሁ፣ የወሰደኝ ግን ቅናት ነው። እኔ ነርስ ልጇ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል እየሠራሁ፣ እናቴ ከቡሬ ማዶ ባለች ጤና ጣቢያ ሲስተር የሺ የምትባል ነርስ ዘንድ ሐሙስ ሐሙስ ትመላለሳለች አሉኝ። «እሷማ ታዳምጣለች» ብላለች አሉ። እኔስ ደንቆሮ ነኝ? ምን ያምሻል ብዬ ስንት ጊዜ ጠየቅኋት! መልሷ ሁልጊዜ «ወገቤን ነው» ነው። ማስታገሻ እሰጣታለሁ፣ መርቃኝ ትሄዳለች።

ማንኩሳ እና ቡሬ

መንገዱ ገና እየተሠራ ነው፤ አቧራው አይጣል። ማንኩሳ ላይ በመስኮት ሸንኮራ ገዛሁ። የሺ ምላሷ ማር፣ መልኳ ጸዳል መሆን አለበት እያልኩ ስብሰለሰል ቡሬ ደረስን።

ከዚያ በእግር ነው። በየደጁ በርበሬ ተሰጥቷል፤ እያስነጠስኩ ሄድኩ። በርበሬ የሚያገላብጡ አንድ ሽማግሌ መንገድ ስጠይቃቸው፣ «የሺ ዘንድ ነው? እሷ ዘንድ የሄደ ግማሽ ሕመሙን ደጅ ጥሎ ነው የሚገባ» አሉኝ። አይ እርስዎም! አልኩ በሆዴ።

ጤና ጣቢያው

እናቴ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፤ የሺ ከጎኗ። መልኳ እንኳን የሚያስቀና አይደለም፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ልጇ መሆኔን ነግሬ የሺን ወደ ጥግ ጠራኋት።

«ምን አገኘሽባት?»

«እሱን የሚነግሩሽ እሳቸው ናቸው። ኦፕራሲዮን ያስፈልጋቸዋል፤ ፍኖተ ሰላም ግን አልሄድም ብለዋል።»

«ለምን?»

«አንቺ አለሽበታ!»

እናቴን ዞሬ አየኋት። «እማዬ፣ ወገቤን ነው አላልሽም?»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «ነው። ከወገብ ወዲያ ያለው ለልጅ ይነገራል? በወጣሽበት በኩል የታመምኩትን ላንቺ ላሳይ? እሷ ቀስ ብላ ‹ዝቅ ይላል ወይ፣ እማማ?› አለችኝ፤ አዎ አልኳት።»

ማህፀኗ ነው። ትልልቅ ሴቶች «ወገቤን» ሲሉ ዝቅ አድርጌ መጠየቅን እኔም አውቃለሁ፤ እናቴን ግን እንዴት ብዬ?

«ያለሽበት ክፍል አልገባም» አልኳት። «ማንም ምንም አይነግረኝም።»

«እሷ ከመጣች» አለች፣ ወደ የሺ እያየች። እንዴት ያቃጥላል!

መልስ

የሺ አለቃዋን አስፈቅዳ በማግስቱ ሦስታችን ተሳፈርን። እናቴ ከየሺ ጎን፣ እኔ ከኋላ። መንገዱን ሙሉ ተንሾካሾኩ። ሆስፒታሉ ስንደርስ የሺ የሴቶች ክፍሏን ነርስ ለብቻዋ ይዛ ሁሉንም አስረዳቻት፤ እናቴ በማን ፊት እንደምታፍር ጭምር። እኔ በምሠራበት ሆስፒታል እንደ ማንኛውም አስታማሚ ደጅ ቀረሁ።

ኦፕራሲዮኑ ተሳካ፤ እናቴ ቤቴ ሆና እያገገመች ነው። ሰው አንዳንዴ ሕመሙን ከሚወደው ሰው እንደሚሸሽግ በዚህ ጉዞ ተማርኩ። ቅናቱ ግን አለቀቀኝም። ዛሬ ጠዋት ትራሷን እያስተካከልኩ፣ «እማዬ፣ ምን ይሰማሻል?» አልኳት።

«እግዜር ይመስገን፣ ምንም» አለች። ወደ በሩ እያየች፣ «የሺ መቼ ነው የምትመጣው?»