የትኛውን ዘይት?

መኪናዋን የገዛናት ለእናቴ ዓይን ነው። ሰው ሲጠይቀን "ለገበያ ትሆነናለች"፣ "ክረምቱ ልጆቹን አሰቃያቸው" እያልን እናልፈው ነበር እንጂ እውነቱ ይኼ ነው። እናቴ ከያዮ ወዲያ፣ ከአስፋልቱ ወደ ቡናው ጫካ ገባ ባለች መንደር ብቻዋን ትኖር ነበር። ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷቸው የሰው ጥላ ብቻ ነበር የሚታያት። እኛ በምንኖርባት መቱ ላይ ቀዶ ሕክምና እንደሚሠራላት ሰምቼ ቀጠሮ ባስይዝላት፣ "በሕዝብ መኪና አልሄድም" ብላ ድርቅ አለች። ከዓመታት በፊት የተሳፈረችበት ሚኒባስ ፍሬን እምቢ ብሎት ገደል አፋፍ ላይ ለጥቂት ነው የተረፈችው። "የራሳችሁ መኪና ሲኖራችሁ እመጣለሁ" አለችን። መቼም አይገዙም ብላ ነው። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ።

እልኸኛ ብቻ ብሆን ምን ነበረበት፤ ፈሪም ነኝ። ባለቤቴ እንደሚለው እልህና ፍርሃት አንድ ሴት ላይ ሲገናኙ ለጎረቤትም ይተርፋሉ። እሱ የግብርና ባለሙያ ነው። ዳሪሙና ኖፓ ድረስ የመሥሪያ ቤት መኪና ይዞ ሲመላለስ የኖረ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ከዚያም ቀስ ብሎ የሚቆጣ ሰው ነው። እኔ የአማርኛ መምህርት ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት የተማሪ ቃል በቀይ እስክሪብቶ በማረም ነው። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም፤ ወደፊት ለሚመጣው ውርደቴ እንዲመች ነው።

የሸጠልን ነጋዴ "እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የያዝኳት" ብሎን ነበር። ግቢያችን አስገብተን ምንጣፏን ሳነሣው ከሥሩ የደረቀ ቀይ ጭቃ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ አንድ እግር የሕፃን ካልሲና አንድ እፍኝ የሚሞላ ጀንፈል ቡና ተገኘ። የዓይኑ ብሌን እንዲህ ከሆነ ከእናቴ ጋር አብሮ መታከም ነበረበት።

ያን ሳምንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀሚሴን ቀይሬ በቀጥታ ወደ መኪናዋ ነበር። ወንበሮቿን በዱቄት ሳሙና በብሩሽ ፈተግኳቸው። የኋላ መስታወቷ ላይ የተለጠፈውን፣ ግማሹ ተልጦ ግማሹ የቀረውን ጥቅስ በምላጭ ፋቅሁት። ዳሽቦርዷን ቫዝሊን ቀባኋት፣ የነፋስ ማስገቢያዋን ቀዳዳ በጥርስ ብሩሽ አጸዳሁ፣ ቢጫ የሆኑትን የፊት መብራቶቿን በጥርስ ሳሙና አሸሁ። የሻጋታው ሽታ ግን አልለቅ አለ። ዝናቡ ከላይ፣ እርጥበቱ ከታች፤ መቱ ውስጥ እንኳን መኪና ሰውም ይሻግታል።

እያጸዳሁ እፈራ ነበር። በር ስዘጋ የሚሰማው "ቋ" ምንድን ነው? ከሥሯ የተንጠባጠበው ውኃ ነው ወይስ ሌላ? ጎማውን በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ፣ ባለቤቴን "ይኼ ነገር ለስልሷል እንዴ?" እያልኩ አሰለቸሁት። "ጎማ ይለሰልሳል፣ ጎማ ስለሆነ" ይለኛል። የሚታየኝ ግን እናቴ ናት። "የራሳችሁ መኪና" ብላ አምና የምትገባባት መኪና ገደል ብትገባ፣ ገዳይዋ እኔ ነኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ አፍ ያወጣው ነገር ይደርሳል ብዬ።

ሐሙስ ዕለት መካኒክ ቤታችን ድረስ አስመጣን። የሞተሩን ዘይት ቀየረ፣ ካንዴላ ፈታ፣ ገጠመ። ሲጨርስ እጁን እየጠረገ "ሁሉም ደህና ነው። የፍሬኑ ዘይት ብቻ ትንሽ ጎድሏልና ሳትወጡ ጨምሩበት" አለና ከኮፈኑ ሥር ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ነጭ ዕቃ አሳየኝ። ባለቤቴ "ቅዳሜ ጠዋት ስወጣ ገዝቼ እሞላለሁ" አለ። ቅዳሜ እናቴን የሚያመጣበት ቀን ነው።

እኔ ግን ቅዳሜን መጠበቅ አልቻልኩም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቷ ነው። ዓርብ ከሰዓት ብቻዬን ነበርኩ። መካኒኩ ለሞተሩ ሞልቶ የተረፈው ዘይት ቤት ውስጥ በጋሎን ተቀምጧል። ዘይት ጎድሏል ተባልኩ፤ ዘይት አለኝ። የውኃ ፕላስቲክ አንገቱን ቆርጬ፣ ዘቅዝቄ፣ አንዲት ጠብታ ሳላፈስ እስከ ላይኛው መስመር ሞላሁ። ክዳኑ ቅባት ለብሶ ነበርና በጨርቅ ፈትጌ አጸዳሁት። ከቅባቱ ሥር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ። ፊደሎቹ ቁልጭ እስኪሉ ወለወልኳቸው እንጂ አላነበብኳቸውም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለቤቴ መኪናዋን አስነሥቶ፣ "የፍሬን ዘይቱን ከየት ልግዛ? ሱቁ አልተከፈተም" አለኝ።

"ሞልቼዋለሁ" አልኩት።

"መቼ ገዛሽ?"

"አንተ ሂድ፤ እኔ የማላውቀው ነገር አለ?"

"ጎበዝ" ብሎ ወጣ። ከትዳራችን ትልቁ ችግር ይኼው ነው፣ ያምነኛል።

አራት ሰዓት ላይ ጎረቤታችን መጡ። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። መኪናዋን ሊያዩ ነበር አመጣጣቸው። "ወጣች እንዴ? ሳልመርቃት?" አሉ። አስቀመጥኳቸውና የሳምንቱን ሥራዬን መዘርዘር ጀመርኩ፤ ወንበሩን፣ መብራቱን፣ ምላጩን። እሳቸውም "ጎሽ፣ ጎሽ" እያሉ አዳመጡኝ። "የፍሬኑ ዘይት ሳይቀር ጎድሎ እኔው ሞላሁት" ስላቸው ጎሽታው ቆመ።

"ዘይታ ካም?" አሉኝ በኦሮምኛ። ከዚያ የአማርኛ መምህርት መሆኔ ትዝ ብሏቸው መሰለኝ ደገሙት። "የትኛውን ዘይት?"

"ከሞተሩ የተረፈውን።"

ጋሼ ከተቀመጡበት ተነሡ። እኔ የማውቃቸው ጋሼ ወሬ አያሳጥሩም፤ ስለ መንገድ ከጀመሩ አሰብ ሳይደርሱ አያቆሙም።

"ልጄ፣ የፍሬን ዘይት ስሙ ነው እንጂ ዘይት አይደለም" አሉኝ ቀስ ብለው። "ሌላ ፈሳሽ ነው። የሞተር ዘይት ፍሬን ውስጥ ያሉትን ጎማዎች ያሳብጣቸዋል። መጀመሪያ ፍሬኑ ይይዝና አልለቅ ይላል፣ የመኪናዋ እግር ይግላል..."

"ከዚያስ?"

"አይ፣ እንግዲህ ባለቤትሽ ሾፌር ነው፣ ያውቃል።"

"ጋሼ፣ ከዚያስ?"

"ከዚያማ ይረግጠዋል፤ ምንም የለም።"

በአማርኛ ዘይት፣ በኦሮምኛ ዘይታ፤ በሁለት ቋንቋ ኖሬ አንዱ እንኳ አላዳነኝም። ስልክ ደወልኩ። ያቺ የማትታክት ሴትዮ አይገኙም አለችኝ። ደገምኩ፤ አይገኙም። እናቴ መንደር ኔትዎርክ የሚገኘው አንድ ኮረብታ ላይ ብቻ ነው፣ ባለቤቴ ደግሞ ኮረብታ ወጥቶ ስልክ የሚያይ ሰው አይደለም። አሁን እናቴን ጭኖ እየተመለሰ ይሆናል። ያን ቁልቁለት አውቀዋለሁ፤ ወደ አስፋልቱ ከመድረሱ በፊት ያለውን፣ በአንድ በኩል ግንብ የሌለውን።

አፍሬ ነው የምናገረው። ከቤት ከመውጣቴ በፊት ጋሎኑን አንሥቼ ከማገዶው ጀርባ ደበቅሁት። ባሌና እናቴ በሞትና በሕይወት መሐል እያሉ እኔ ማስረጃ እደብቃለሁ። ጋሼ አይተውኛል፤ ዓይናቸውን ወደ አጥሩ መለሱ።

መናኸሪያ ደርሼ በመጀመሪያው ሚኒባስ ገባሁ። "ይሙላ" ይላል ረዳቱ። የሁለት ሰው ቦታ እኔ እከፍላለሁ አልኩት፤ ተንቀሳቀስን። መንገዱን ሁሉ ከፊት የሚመጣ ነጭ መኪና ሳይ የእኛዋ መስላኝ እነሣለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ "ምነው ልጄ፣ ደህና አይደለሽም?" ቢሉኝ "እናቴ" ብቻ ነው ያልኩት። ሐዘን መስሏቸው "እግዜር ያጥናሽ" አሉኝ። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው። በልቤ ለማርያም ተሳልኩ፤ ደግሞ ባለቤቴ ጴንጤ ነውና ስለቱ ለእሱ ይሠራ ይሆን ወይ ብዬ ተጨነቅሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለው ተረት ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ክፍል ውስጥ ትርጉሙን ስንቴ አስተምሬዋለሁ። አሁን ገና ገባኝ።

ያዮን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ወደ እናቴ መንደር የሚገባው ኮረኮንች ተገንጥሎ ይወጣል። እዚያ፣ ከቁልቁለቱ አናት ላይ ሰው ተሰብስቧል። ቡና ለቃሚዎች ቅርጫታቸውን እንደያዙ ቆመዋል። በመሐላቸው የእኔ የተወለወለች መኪና ኮፈኗ ተከፍቶ ቆማለች። ሚኒባሱ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ወረድኩና ሽቅብ ሮጥኩ።

እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ሙሉ ናት። ባለቤቴ ቆሟል። እሱም ሙሉ ነው። ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው፤ ሁለት ሰው መቁጠር አቅቶኝ።

ከጎማው ሥር የተንበረከከው የያዮ መካኒክ ለሕዝቡ እያስረዳ ነበር። የመኪናዋ እግሮች ግለው መጨስ ሲጀምሩ ባለቤቴ ቁልቁለቱን ሳይጀምር አቁሞ፣ እናቴን አውርዶ፣ ሰው ልኮ አስጠርቶታል። "አሥር ሜትር ብትወርድ ኖሮ አልቆላችሁ ነበር" አለው። ጣቱን ነጯ ዕቃ ውስጥ ነክሮ አሸተተና ሳቀ። "የሞተር ዘይት! ማነው ይኼን ያጠጣት?"

ባለቤቴ ጠዋት ያልኩትን ያውቃል። "ሞልቼዋለሁ" ብዬዋለሁ። ቀና ሲል እኔን አየ፤ ከሩጫው ትንፋሼ ተቆርጦ፣ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ።

"እኔ ነኝ" አለ። "ተሳስቼ ነው።"

ሰዉ ሳቀ። አንዱ ቡና ለቃሚ "የተማረ ሰው ነው ደግሞ" አለ። መካኒኩ "ወንድሜ፣ ለሰላጣ የሚሆነውንም እንዳትሞላባት" ብሎ ደገመው፤ እንደገና ተሳቀ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ፊቷን ድምፁ ወደመጣበት አዙራ፣ "ልጄ ብትሆን ኖሮ ታነብ ነበር" አለች። "እሷ የማታነበው ነገር የለም።"

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ባለቤቴ በዓይኑ ተይው አለኝ፤ እኔም ተውኩት። ለእሱ ብዬ አይደለም፤ ያ ሁሉ ሰው እየሳቀ ስለነበር ነው።

እናቴ መቱ የገባችው እኔ በመጣሁበት ዓይነት ሚኒባስ ነው፤ እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ እየጸለየች። ሰኞ ዓይኗ ተሠራ። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው፣ "አርጅተሻል" አለችኝ። መኪናዋም ፍሬኗ ውስጥ ያበጠው ጎማ ሁሉ ተቀይሮ ዳነች። ያልዳነው የባለቤቴ ስም ነው። "እሱ መሪ ከያዘ አልገባም" አለች እናቴ። ለመንናት፣ አስለመንናት፤ አልገባም። በመጨረሻ እኔ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ለምርመራ በመጣች ቁጥር የምነዳው እኔ ነኝ፣ እሷ ከጎኔ፣ ዕድሜውን ሲነዳ የኖረው ሰው ደግሞ ከኋላ። "ልንገራት እንዴ?" እለዋለሁ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። "ምን ይጠቅማታል?" ይለኛል። "አንቺንም ካላመነች በምን ትመጣለች?"

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። ባለፈው ዓመት እናቴን ከመንደሯ ይዘን ስንመለስ፣ ያ ቁልቁለት አናት ላይ ስንደርስ፣ እናቴ እንደ ልማዷ ወደ ኋላ ዞራ "ይኼኔ አንተ ብትይዛት" ብላ ጀመረች። አልቻልኩም። መኪናዋን ዳር አስያዝኩና አቆምኩ።

"እማ፣ ያን ቀን ዘይቱን የሞላሁት እኔ ነኝ" አልኳት። "እሱ አይደለም። ሳላነብ የሞላሁት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ልገድልሽ የነበረው።"

በዳነው ዓይኗ ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ።

"ጎሽ ልጄ። የባሏን ገመና የማትሸፍን ሚስት ምን ሚስት ናት?" አለች። "በይ አሁን ንጂ።"

"እማ፣ እውነቴን ነው።"

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ንጂ።"

በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። ባለቤቴ በመስኮቱ ጫካውን እያየ ነበር። ማርሽ አስገባሁና ቁልቁለቱን ጀመርኩ፣ እግሬን ከፍሬኑ ሳላነሣ። እናቴ ግማሹን እንኳን ሳንወርድ ራሷን ወንበሩ ላይ ጣል አድርጋ እንቅልፍ ወሰዳት።