ስልክ አንሺዋ

ሥራ ስትጀምር ሥራዋ ስልክ ማንሳት ነበር። መድኃኒት ለየቤቱ የሚያደርስ አንድ ድርጅት ውስጥ፣ ምድር ቤት ያለ መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ትውላለች። ከጎኗ የምትቀመጠውን ሴት ሁሉም «እትዬ» ይላታል፤ ምራቋን የዋጠች፣ ድምፅዋ የማይቸኩል ሴት ነበረች። ሥራውን ያስተማረቻት እሷ ናት።

«የተቆጣ ሰው ሲደውል ለመልስ አትሽቀዳደሚ» ትላታለች። «መጀመሪያ ይውጣለት። በሽተኛ አጠገቡ ተኝቶ ነው የሚጮኸው።»

ልጅቷ እያዳመጠች ሳለ አንድ ነገር ልብ አለች። ከሚደውሉት አብዛኞቹ አዲስ መድኃኒት አያዙም። ያዘዙት የት ደረሰ ብለው ጨንቋቸው ነው። ይህንን ይዛ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጣች።

«መድኃኒት በሚያዙበት የስልክ አፕ ላይ መልእክተኛው የት እንደደረሰ ቢታያቸው ለምን ይደውላሉ?» አለችው።

ሰውየው ጥያቄዋን ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ሳይውል ሳያድር ወንበሯን አስነስቶ ከፕሮግራመሮቹ ጎን አስቀመጣት። በፕሮዳክት ማናጀርነት የኖረችው ሕይወት የተጀመረው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ላይ ማንም ከቁብ አልቆጠራትም። የሚነጋገሩት ሳይገባት አንገቷን ትነቀንቅና ቤቷ ገብታ ስታነብ ታመሻለች። ሲገባት ደግሞ መጠየቅ ጀመረች። ይሄ ቁልፍ ለምን እዚህ ሆነ? ይሄን ማን ፈለገው? ፕሮግራመሮቹ ስሟን ትተው «ለምን» አሏት፤ «ለምን መጣች» እየተባባሉ ይሳሳቁ ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ሳይጠይቋት ሥራ የማይጀምሩ ሆኑ።

አብሯት የሚኖረው አባቷ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሥራዋ ፈጽሞ አልገባ ብሎት ነበር።

«ኮምፒውተሩን የምታዢው አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም፣ አባዬ።»

«የምትሸጪውስ?»

«እሱም አይደለሁም። ምን መሠራት እንዳለበት ነው የምወስነው።»

«አለቃ ነኝ በይኛ።»

«የሚታዘዘኝ ሰው የለም።»

«እንዲህ ያለ ሥራማ እኔም እዚሁ ቤት ውስጥ አለኝ» ብሎ ሳቀ።

ምሳዋን ግን አሁንም ምድር ቤት ወርዳ ከእትዬ ጋር ነበር የምትበላው።

ከዓመታት በኋላ ድርጅቱ እጅ አጠረው። ሥራ አስኪያጁ ጠራትና የስልክ ቁጥሩ ከአፑ የፊት ገጽ ላይ እንዲነሳ ነገራት። ሰዉ ራሱን በራሱ ያስተናግድ፣ ስልክ አንሺዎቹ ሌላ ክፍል ይዛወራሉ አለ።

«ማየት የሚቸግራቸው አሉ። ማንበብ የማይችሉ አሉ» አለችው።

«ለዚህ ነው አንቺን የመረጥኩሽ። ሌላ ሰው ከሠራው ዝም ብሎ ይቆርጠዋል። አንቺ ግን ታውቂያቸዋለሽ።»

ይህቺ ቃል አሸነፈቻት። ጥርሷን ነክሳ ሠራችው። ፊደሉን አተለቀች፣ ጥያቄዎቹን አሳጠረች፣ ለማያነብ የሚናገር ድምፅ አስገባች። እውነትም ጥሩ ሥራ ነበር። የሚደውለው ሰው ቁጥር ቁልቁል ወረደ፤ በስብሰባው ላይ አጨበጨቡላት። ሰዉ ሲበተን ሥራ አስኪያጁ አስቀራት።

«የምድር ቤቱ ክፍል በወሩ መጨረሻ ይዘጋል» አላት። «ሴቶቹ እስከዚያ እንዳይሰሙ። ከሰሙ ሥራ ይቆማል። ከአፍሽ ከወጣ አንቺም አብረሻቸው ትሰናበቻለሽ።»

«ሌላ ክፍል ይዛወራሉ ብለኸኝ አልነበር?»

«ብዬ ነበር» አለና ስልኩን አነሳ።

በማግሥቱ ምሳ ሰዓት እንደወትሮዋ ወረደች። እትዬ ምግቧን እየከፈተች «አንድ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ሁኚልን ብለውኛል» አለቻት። «ዛሬ መልስ ልሰጥ ነው። እኔ ግን እዚሁ ለምጃለሁ፤ ለቤቴም ይቀርበኛል። ላይ ቤት ምን ይወራል? የሚያሰጋ ነገር አለ እንዴ?»

ልጅቷ ብርጭቆዋን አነሳች። ውኃ ጠጣች።

«አዲስ ነገር የለም» አለች።

እትዬ ክሊኒኩ ጋር ደውላ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይቅርብኝ አለች። ይህን ሁሉ ያለችው እዚያው፣ ልጅቷ አጠገብ ተቀምጣ ነው።

ክፍሉ በተዘጋ ቀን ሴቶቹ ዕቃቸውን በፌስታል ይዘው ወጡ። አንዷ ታለቅሳለች። ደረጃው ላይ ልጅቷ እትዬን አገኘቻት። ልታቅፋት ስትጠጋ እትዬ እጇን ዘረጋችና አስቆመቻት።

«ታውቂ ነበር?»

ልጅቷ ፌስታሉን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች።

«ስልክ ማንሳት ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ» አለች እትዬ። «እንዲህ አድርገሽ ታነሺዋለሽ ብዬ ግን አላሰብኩም።»

ድምፅዋን ከፍ እንኳ አላደረገችም። ፌስታሏን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛውራ ወጣች።

ቤቷ ገብታ ነገሩን ለአባቷ ዘርዝራ ነገረችው። ሰማት፣ ሰማትና፤ «ብትነግሪያት ምን ያደርጉሽ ነበር?» አላት።

«ያባርሩኝ ነበር።»

«እና?»

ያባርሩኝ ነበር የሚለውን ደገመችው።  አባቷ ተነስቶ ወደ መኝታው ሄደ።

ደጋግማ ደወለች። እትዬ አላነሳችም። ክሊኒኩ ሄዳ ስትጠይቅ ቦታው ተይዟል አሏት። ውሎ አድሮ ከሴቶቹ አንዷን ገበያ ላይ አገኘቻት፤ እትዬ የቤት ኪራዩ ከብዷት እህቷ ዘንድ ሩቅ አገር መሄዷን የሰማችው ከእሷ ነው። ሴትየዋ ይህንን ብቻ ተናግራ ፊቷን ወደ ሻጩ መለሰች።

ከዚያ በኋላ ቢሮው ጠበባት፤ በምድር ቤቱ በር በኩል ማለፍ ትታ በጓሮ ትገባለች። ሌላ ሥራ አመለከተች። ጠያቂዎቹ በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ከሠራሻቸው ሥራዎች የትኛው ያኮራሻል አሏት። ሌላ ልትናገር አስባ ነበር። ግን ውጤቱ በቁጥር የሚታየው ያ ብቻ ነውና የስልክ ቁጥሩን ከፊት ገጽ ያነሳችበትን ተረከችላቸው። አንደኛው ሰውዬ እየጻፈ «ግሩም ነው» አለ።

ቀጠሯት። አሁን የምትሠራው ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ነው፤ ከሥሯም የሚታዘዟት ልጆች አሉ። እንዴት እዚህ ሥራ ውስጥ እንደገባች ሲጠይቋት ስለሚደውሉት ሰዎች ትነግራቸዋለች፤ ምን እንዳዳመጠች፣ ምን እንዳስተዋለች። ልጆቹ ይወዱታል፤ አንዳንዶቹም ይጽፉታል። ቀጥሎ ምን ሆነ ሲሏት ስብሰባ አለብኝ ብላ ትነሳለች።