የጓድ ታፈረ ሁለተኛ ዓይን

ልጅ ሳለሁ፣ ቡሬ ላይ አራተኛ ክፍል ስማር፣ የመውጫው ደወል ሲደወል ሌላው ተማሪ በዋናው በር ሲጋፋ እኛ አሥራ አንዳችን ግን ወደ ግቢው ጀርባ፣ ወደ ዘበኛው ጎጆ እንሮጥ ነበር። የሥዕል ክበብ አባላት ነን። ክበብ ትባል እንጂ ወረቀት የላት፣ ብሩሽ የላት፣ ቀለም የላት! ያላት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሳቸውም የኔታ እንየው ናቸው።

የኔታ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበሩ። ከዚያ በፊት ግን ዕድሜያቸውን የፈጁት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲስሉ ነው። ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ ሥዕል የሚያሠራ ደብር ሲጠፋ ብሩሻቸውን ጠቅልለው ዱላ ያዙ። ርዕሰ መምህሩ «ጓድ እንየው» ብለው ሲጠሯቸው ዞር ብለው ማን እንደተጠራ ይፈልጉ ነበር። እኛ ግን ቀስ ብለን «የኔታ» እንላቸዋለን፣ እሳቸውም ቀስ ብለው «ወዬ» ይሉናል።

ቀለሙን የምንሠራው ራሳችን ነን። ቀዩን ከመንገድ ዳር አፈር፣ ቢጫውን ከእርድ፣ ጥቁሩን ከኩራዝ ጥላሸት። ኩራዙን ለኩሰን የገል ስባሪ ከነበልባሉ በላይ እንይዝና የሚጠቁረውን በዶሮ ላባ እንጠርጋለን። ጥላሸቱ አፍንጫችን ውስጥ ሳይቀር ይገባ ስለነበር እናቴ «ተምረሽ ነው የመጣሽ ወይስ ከሰል አክስለሽ?» ትለኝ ነበር። ቀለሙ እንዲይዝ የእንቁላል አስኳል ያስፈልጋል፤ በየተራ ከቤት እንቁላል እናመጣለን፣ አንዳንዶቻችንም ሳናስፈቅድ። አስኳሉ ለቀለሙ ይሆናል፤ ነጩን ደግሞ የኔታ ፍም ላይ በገል ጠብሰው ለአሥራ አንዳችን ያካፍሉናል። ለእያንዳንዳችን የምትደርሰው የጥፍር ያህል ነበረች፤ እንደዚያ የሚጥም ምግብ ግን ከዚያ ወዲህ አልበላሁም።

ተረት የሚነግሩን እጃችን ሲሠራ ብቻ ነበር። ብሩሽ ብለን የምንጠራው ጫፉ የተቀጠቀጠ የቃጫ እንጨት ከምንስልበት ጆንያ ላይ ከተነሣ ተረቱም ይቆማል። «ጅብ ሠርግ ተጠርቶ ሄደና፣ ከበሮውን ቢያሸተው የበሬ ቆዳ ነው…» ብለው ሲጀምሩ አንዳችን አፋችንን ከፍተን እጃችንን ካቆምን፣ አለቀ፣ ዝም!

«ከዚያስ የኔታ?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? እጅሽን ጠይቂው።»

እሳቸውም ሥዕል ሲማሩ ከመፍራታቸው የተነሣ እጃቸው ይገተር እንደነበር፣ መምህራቸውም ተረት እያወሩ እንዳላቀቋቸው ነግረውናል። ጆሮ ሌላ ቦታ ሲሄድ እጅ ፍርሃቱን ይረሳል ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ጅቡ ከበሮውን እየበላ ስንቱን በሬ፣ ስንቱን ዛፍ ሳናስበው ስለናል።

አንድ ሕግም ነበረቻቸው። ደግ ሰው ሲሳል ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉ ሰው ግን በጎኑ ይሳልና አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህን እሳቸው አላመጡትም። በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን የተሳለመ ሁሉ፣ ፊደል ያልቆጠረም ቢሆን፣ ግድግዳው ላይ ባለ አንድ ዓይን ካየ ያ ሰይጣን ወይም ይሁዳ መሆኑን ያውቃል።

በዚያ ዓመት ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለው የገበሬ ማኅበር አዲስ አዳራሽ ሠራ። ርዕሰ መምህሩ ጎጆዋ ድረስ መጥተው፣ ለምረቃው ትልቅ ሥዕል እንድናዘጋጅ አዘዙን። በግራ የድሮው ባለርስት፣ በቀኝ መሬት ያገኙ ገበሬዎችና ሊቀመንበራቸው ጓድ ታፈረ እንዲሆኑ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የኔታ፣ የቤተ ክህነት ሰው ልጆች ያስተምራል እያሉ ሰዎች ያሙኛል። ይህ ሥዕል ካማረ አፋቸውን ያስይዛቸዋል። ከተበላሸ ግን ክበቡም ይዘጋል፣ እርስዎንም እዚህ ላቆይዎት አልችልም» አሉ። «የኔታ» ማለታቸውን ያስተዋልኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሦስት የማዳበሪያ ጆንያ ሰፍተን፣ በነጭ አፈር ለቅልቀን ሥራ ጀመርን። ባለርስቱን በአንድ ዓይን አድርገን፣ ጥርሱን አስረዝመን፣ እየሳቅን ጨረስነው። ጓድ ታፈረን የመሳል ዕጣ ለእኔ ደረሰኝ። በደስታ እንቅልፍ አጣሁ።

ምረቃው ሁለት ቀን ሲቀረው የኔታ ለለቅሶ ወደ ማንኩሳ ከተማ ሄዱ። እኔም ያለ እሳቸው ጓድ ታፈረን ልጨርስ ተነሣሁ። ጓድ ታፈረ በቡሬ ገበያ ከሩቅ የሚታወቁበት አፍንጫ ነበራቸው፤ ረጅም፣ መሐሉ ላይ ጎበጥ ያለ። ከፊት ለፊት ብስለው አልመጣ አለኝ፣ ደመሰስኩት። በጎን ሞከርኩት። እሰይ! ቁርጥ እሳቸውን! ለራሴ አጨበጨብኩ። ዓይኑን ስጨምር ቦታው ለአንድ ብቻ በቃ፣ እኔም ምንም አላሰብኩም። ያን ሁሉ ጊዜ የባለርስቱን አንድ ዓይን እያየሁ ስስቅ የሰነበትኩት እኔው ነኝ እኮ! ሌሎቹም ልጆች አፍንጫውን አይተው አደነቁ እንጂ ዓይን የቆጠረ አልነበረም።

የኔታ ከለቅሶ የተመለሱት በምረቃው ጠዋት ነው፤ ሥዕሉ ከተሰቀለ በኋላ። አዳራሹ ጢም ብሏል። መጋረጃው ሲገለጥ ጭብጨባው ቀለጠ። ከዚያ ጭብጨባው ከፊት ረድፍ ጀምሮ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ፣ አንዲት አሮጊትም «በስመ አብ! ጓድ ታፈረን በአንድ ዓይን!» አሉ።

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። አፍንጫው ያን ያህል ባይመስል ኖሮ «ሌላ ሰው ነው» ይባል ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ አፍንጫው ከነጉብጠቱ እዚያው ነው። ያኔ ነው የገባኝ። ከልጆቹ ኋላ ተሸጎጥኩ።

ጓድ ታፈረ ተነሡ። ፊታቸው ቲማቲም መስሏል።

«እነዚህን ልጆች ያስተማረ ማነው?»

ርዕሰ መምህሩ ላባቸውን ይጠርጋሉ። የኔታ ከኋላ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ… ጓድ።»

«ምን ለማለት ነው?»

«ምንም ለማለት አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነው። ሥራው ሳያልቅ ነው የተሰቀለው። አንድ ዓይን ይቀረዋል።»

«እንግዲያው ይለቅ! አሁን፣ እዚሁ፣ እያየን። ካላለቀ ግን እርስዎም እዚያ ትምህርት ቤት እንዳላይዎት፣ ክበብ የሚሉትም ነገር እንዳልሰማ!»

የኔታ ወደ ሥዕሉ ሲሄዱ እሳቸው የሚስሉት መስሎኝ ትንፋሼ መለስ አለ። እሳቸው ግን «የሻረግ! ነይ የኔ ልጅ» አሉ። ስሜን ስሰማ ማልቀስ ጀመርኩ። እንባዬን በኩታቸው ጫፍ ጠረጉና ጎንበስ ብለው «ከአፍንጫው ማዶ ትንሽ ጉንጭ አውጪለት። ዓይኑ እዚያ ይቀመጣል። አንቺ ወደዚያ፣ እኔ ወደዚህ» አሉኝ። ወንበር ላይ አወጡኝና ጀርባቸውን ለእኔ፣ ፊታቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው ተረት ጀመሩ።

ምናልባት ብለን በገል ይዘነው በመጣነው ቀለም ብሩሼን ስነክር እጄ ይርገፈገፍ ነበር። ከዚያ ድምፃቸው ከጀርባዬ እየፈሰሰ መጣ፣ እጄም ቀስ በቀስ ረጋ። ጉንጩን አወጣሁ። ቅንድቡን ሠራሁ። ከኋላዬ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ አሥር ሰው፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ዓይኑን ነጭ ቀባሁ፣ መሐሉ ላይ የኩራዝ ጥላሸት አሳረፍኩ፣ ብሩሼን አነሣሁ።

የኔታ በነገር መሐል ዝም አሉ።

ሰው ሁሉ ጠበቀ። አሁንም ዝም። በመጨረሻ «ከዚያስ?» የሚል ድምፅ መጣ። ጓድ ታፈረ ናቸው።

«ብሩሽ ተነሥቷል ጓድ። ቀሪው ሰኞ ነው፣ ከትምህርት በኋላ።»

ሊቀመንበሩ አንዴ የኔታን፣ አንዴ ሥዕሉን አዩ። ሁለተኛው ዓይን ከመጀመሪያው ትንሽ በልጦ፣ ትንሽም ፈጦ ነበር። «ነቅቻለሁ ማለት ነው!» ብለው ሳቁ፣ አዳራሹም ተከትሎ አውካካ። ርዕሰ መምህሩ ከሁሉ በላይ ሳቁ።

ሰኞ ዕለት ጓድ ታፈረ በቅሏቸውን የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ አስረው፣ ሦስት እንቁላል በእጃቸው ይዘው ጎጆዋ ደጃፍ ቆሙ። የኔታ እንቁላሉን ተቀበሉና ቀይ አፈር ያለበትን ወፍጮ አቀረቡላቸው። «እዚህ ቤት እጁ ሥራ የፈታ ሰው ተረት አይሰማም፣ ይቅርታ ያድርጉልን» አሏቸው። እሳቸውም እጀታቸውን ሰብስበው እስኪያልባቸው ፈጩ። ተረቱ ሲያልቅ ልጆቹም ሊቀመንበሩም በሳቅ ተንፈራፈሩ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። የምስቀው ግን በምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ሁሉም ሲሄዱ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁና «የኔታ፣ ለቅሶ ነበርኩ፣ አላየሁትም ብለው ቢናገሩ ኖሮ እኮ ምንም አይሆኑም ነበር» አልኳቸው።

ፍሙን እየቆሰቆሱ «እኔስ ምንም አልሆንም ነበር። አንቺስ?» አሉኝ።

ዛሬም ቡሬ ስሄድ የዚያን ዘመን ሰዎች ያን ተረት እያነሡ ይስቃሉ። «አንቺ እኮ ከሁላችን ይልቅ ቅርባቸው ነበርሽ፣ እስቲ እንዴት ነበር መጀመሪያው?» ይሉኛል። አላውቀውም። መጨረሻውን ሰኞ ብሰማም፣ ያን ሁሉ ሕዝብ ያሳቀውን መጀመሪያውን ግን አንዲት ቃል አልሰማሁም፣ በኋላም ጠይቄ አላስነገርኩም። የሰማሁት ድምፃቸውን ብቻ ነው። ድምፃቸው እስካለ ድረስ ከኋላዬ እንደቆሙ አውቅ ነበር፣ ያን ቀን እኔ የምፈልገውም ይኸው ነበር።